«አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች፣ ምን ላድርግላት?» አቅም ያጣ ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ የማብቃት መመሪያ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ያው ጥያቄ ይደወልልኛል። «ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች፣ ቤተሰቦቿ አቅም የላቸውም፣ ምን ላድርግላት?» ጠያቂው አንዳንዴ አስተማሪ ነው። አንዳንዴ ገና የተመረቀ ልጅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከሜሪላንድ ወይም ከዱባይ ስለ እህቱ ልጅ የሚጨነቅ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ ከማወራ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ፦ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት በሳምንት አንድ ቀን የማይነካ ሰዓት ስጧት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያ ሰዓት ምን ላይ እንደሚውል ነው።

የምጽፈው «ልጅቷ» እያልኩ ነው። ወንድ ቢሆንም ሥራው ያው ነው። መመሪያው ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። 11ኛ ላይ መጀመር ይሻላል። 12ኛ ክፍል መስከረም ላይ ብትጀምሩም ያደርሳል። ከጥር በኋላ ከሆነ ግን ደረጃ 3ን በግማሽ አሳጥሩት።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና (ማትሪክ) ከጠቅላላው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። በ2014 ይህን ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያም ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበረ። ስለዚህ «ከክፍሏ አንደኛ ናት» የሚለው ወሬ አያዘናጋችሁ። ካርዷን ሳይሆን ወረቀቷን እዩ። እንዴት እንደሚታይ ደረጃ 2 ላይ አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ደብተር። አንዱ የእናንተ ነው፣ በየሳምንቱ ምን እንደተሠራ ትጽፉበታላችሁ። ሌላው የእሷ ነው፣ ባለ 50 ሉክ ይሁን። «የስህተት ደብተር» እንለዋለን።
- ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የተማሪ መጻሕፍት። በወረቀት ካልተገኙ ፒዲኤፋቸው በስልክ ይሁን።
- ቢያንስ የአምስት ዓመት የማትሪክ ጥያቄ ከነመልሱ። ይኼ ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ልጅቷ ወረቀቱ ላይ ማስመርና መሠረዝ አለባት፣ ስልክ ላይ ያ አይሆንም።
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ለልምምድ የሚሆን ሰዓት።
- ሰነድ የሚቀመጥበት ክላሰር።
- መብራት ለሌለበት ወይም ለሚጠፋበት ቤት በሶላር የሚሠራ መብራት።
- ለሴት ተማሪ፣ የዓመቱ ሞዴስ። ቅንጦት አይደለም። በየወሩ ሦስት ቀን ብትቀር በዓመት ስንት እንደሚሆን ቁጠሩት።

የማያስፈልገው ነገር ውድ አጋዥ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አራት አጋዥ መጻሕፍት ገዝቼ ለአንድ ልጅ ሰጠሁ። ሰኔ ላይ ሲመልስልኝ ሁለቱ እንደ አዲስ ነበሩ። ልጁን ያስቸገረው የ7ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነበር። እሱ ደግሞ በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የለም።

ማስጠንቀቂያ፣ ከሁሉ በፊት

የምትገናኙበት ቦታ ሰው የሚያየው ይሁን። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀበሌው አዳራሽ ወይም በሩ ክፍት የሆነ የቤተሰቧ ሳሎን ይሆናል። የእናንተ ቤት አይሆንም። ይኼ እሷን ይጠብቃል፣ እናንተንም ከሐሜት ያድናል። ለክፍል ኃላፊ መምህሯም ንገሩ። ትምህርት ቤቱ ሳያውቅ የሚደረግ ነገር አንድ ቀን ጥያቄ ያስነሳል።

«ዩኒቨርሲቲ አስገባታለሁ» አትበሉ። የምትችሉት «በየሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ» ማለት ነው። የማትመጡበትን ቀን ቀድማችሁ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ ሳትናገሩ ከቀራችሁ ሦስተኛው ላይ እሷም ትቀራለች።

ፎቶዋን «የምረዳት ልጅ» ብላችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የክፍል ጓደኞቿ ያዩታል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወላጆቿ ጋ ሂዱ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ሁለት ወር ያህል ይሠራና ልጅቷ መቅረት ስትጀምር ግራ ይገባዋል። ቤት ውስጥ ሰዓቷን የሚያዝዘው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ካልተስማማ ፕሮግራማችሁ ወረቀት ነው።

ብቻችሁን አትሂዱ። ቤተሰቡ የሚያከብረው ሰው፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪዋ አብሮ ይምጣ። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ይበቃል። ብዙ ከያዛችሁ ወሬው ወደ ገንዘብ ይዞራል።

እንደ አገሩ ልማድ አባቷን «ጋሼ»፣ እናቷን «እትዬ» ብላችሁ ጠይቁ። ምክር አትጀምሩ፣ ጠይቁ ነው ያልኩት። ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳለች? ውሃ ማን ይቀዳል? ገበያው ምን ቀን ነው? ታናናሾቿን ማን ይጠብቃል? አጨዳ ሲደርስ ትቀራለች? መልሱን ቤት ስትመለሱ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ከዚያ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ለምኑ። «ታጥና» ብትሉ «እሺ» ይባልና ይረሳል። «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከማታ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማንም እንዳይጠራት» ብትሉ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ራሷ እናቷ ታስታውሳለች። ምትክም ይዛችሁ ቅረቡ። አንዲት እናት እንጀራ እየጋገሩ ነበር የሚሸጡት፣ ልጅቷ ማታ ማታ ታግዛቸዋለች። የማታውን ሥራ ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርነው። ቅዳሜ ሁለት እጥፍ ሠራች፣ አምስቱ ማታ ግን ነፃ ወጣ።

ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ከሆነች ቅዳሜና እሁድን የጥናት ቀን አታድርጉ። ዓርብ ከሰዓት ወይ ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ ልታመጣ ትሄዳለች። እሁድ ማታ ደክማ ትመለሳለች። ለእንደዚህ ዓይነቷ ልጅ ረቡዕ ምርጥ ቀን ነው።

የጋብቻ ወሬ ካለ፣ በተለይ ጥር ሲቃረብ፣ ብቻችሁን አትጋፈጡ። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ለክፍል ኃላፊዋና ለርዕሰ መምህሩ ንገሩ፣ ከዚያ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚይዘው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እናንተ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ከአባቷ ጋር ከተጣላችሁ የሚዘጋው በር የእሷ ነው።

ደረጃ 2፦ ስህተቷን መርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከመመሪያው ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ አንብቡ ብባል ይኼን አስነብባችሁ ነበር።

ያለፈ ዓመት የማትሪክ ጥያቄ ስጧት። ከሂሳብ 20፣ ከእንግሊዝኛ 20፣ ከአፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) 20 ጥያቄ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆነች ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ከሆነች ከጂኦግራፊ፣ ከታሪክና ከኢኮኖሚክስ አስር አስር ጨምሩ። ሰዓት አትያዙባት። በሁለት ቀን ትጨርሰው። አሁን የምትለኩት ፍጥነቷን አይደለም።

ሲታረም ውጤቱን ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። ከ20 ስድስት አምጥታ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተችውን አንድ በአንድ እንድታነብላችሁና እንዴት እንዳሰበች እንድትነግራችሁ አድርጉ። አጠገቡ ከሦስቱ አንዱን ፊደል ጻፉ፦

«አ» ማለት አላወቀችውም። ትምህርቱ ጎድሏል።
«ቋ» ማለት ቋንቋው አልገባትም። ትምህርቱን ታውቃለች፣ ጥያቄው ነው ያመለጣት።
«ች» ማለት ቸኮለች። ስትደግመው ትሠራዋለች።

ለምን? ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። «አ» የበዛባት ልጅ ወደ ታችኛው ክፍል መጽሐፍ ትመለሳለች። «ቋ» የበዛባት እንግሊዝኛ ላይ ትሠራለች። «ች» የበዛባት ሰዓት እየተያዘላት ትለማመዳለች። ሳትለዩ «ጠንክረሽ አጥኚ» ካላችኋት ሦስቱንም በአንድ ክኒን እያከማችሁ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት ልጅ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ ቆመች። መኪናው «ስታርትስ ፍሮም ሬስት» ይላል። ቀመሩን በቃሏ ታውቃለች። ግን «መነሻ ፍጥነቱ አልተሰጠም» አለችኝ። «ሬስት» የሚለውን ከ«ዕረፍት» ሌላ ምንም አድርጋ አታውቀውም። ሐረጉ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ማለት መሆኑን ስነግራት አምስቱን ተመሳሳይ ጥያቄዎች በአስር ደቂቃ ጨረሰቻቸው። አስተማሪዋ ግን «ፊዚክስ አይገባትም» ብሎኝ ነበር።

«አ» የሆኑትን ደግሞ ወደ ታች ተከተሏቸው። የ12ኛ ክፍል ጥያቄ የከበዳት ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀችው 12ኛ ላይ አይደለም። ክፍልፋይ፣ የመቀነስ ምልክት፣ መቶኛ፣ እኩልታ መፍታት። «የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ላምጣ?» ስትሏት ታፍራለች። ስለዚህ መጽሐፉን አታምጡ። ጥያቄዎቹን ብቻ በወረቀት ጽፋችሁ «ማሟሟቂያ» ብላችሁ ስጡ።

ደረጃ 3፦ ዓመቱን በሦስት ክፈሉት

ፈተናው ባለፉት ዓመታት የተሰጠው ብዙውን ጊዜ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ደረጃ 2 ላይ የወጡትን «አ»ዎች ብቻ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የክፍሏን ትምህርት እየተከተለች ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ምዕራፍ ትከልሳለች። ፈተናው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ ስለማይወጣ ይኼን መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። ከመጋቢት ጀምሮ ያለፉ ፈተናዎች ሰዓት ተይዞ ይሠራሉ።

የቀኑ ፕሮግራም ሁለት ሰዓት ይበቃል። 45 ደቂቃ አንድ ትምህርት፣ ዕረፍት፣ 45 ደቂቃ ሌላ ትምህርት፣ የቀረው ለስህተት ደብተር። ልጆች ራሳቸው ፕሮግራም ሲያወጡ በቀን ስምንት ሰዓት ይጽፋሉ፣ በባለ ቀለም እስክሪብቶ አሰማምረው። በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ከፈረሰ በኋላ «እኔ ሰነፍ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ይተርፋል፣ እሱን ማውጣት ደግሞ ፊዚክስ ከማስተማር ይከብዳል። ትንሽ ጀምሩ።

የእናንተ ድርሻ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል በአካል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ አስር አስር ደቂቃ በስልክ ነው። በስልክ «እንዴት ነሽ፣ አጠናሽ?» አትበሉ። «አጠናሁ» ትላለች። «ትናንት የሠራሽውን አንድ ጥያቄ አንብቢልኝ» በሉ።

ደረጃ 4፦ የስህተት ደብተር

አሠራሩ ቀላል ነው። በግራው ገጽ የተሳሳተችውን ጥያቄ ትገለብጣለች። በቀኙ ገጽ ትክክለኛውን አሠራር ሳይሆን፣ መጀመሪያ «ለምን ተሳሳትኩ?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በራሷ ቋንቋ ትጽፋለች። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሲዳምኛም ይሁን። ከሥሩ አሠራሩ ይከተላል። ከሦስት ቀን በኋላ ቀኙን ሸፍና ትደግመዋለች። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ከወር በኋላ እንደገና። ሦስቴ ካገኘችው ትሠርዘዋለች።

ጥቅሙ፣ የፈተናው ሳምንት ሲደርስ አራት መጽሐፍ ከማገላበጥ ይልቅ የራሷን ድክመት ብቻ የያዘ አንድ ደብተር ይኖራታል።

የተለመደው ስህተት፣ መልሱን ብቻ ገልብጣ «አሁን ገባኝ» ማለት ነው። ሲነበብ የገባ ነገር ሲሠራ ላይገባ ይችላል። ሸፍኑና ይሠራ።

ደረጃ 5፦ እንግሊዝኛ በየቀኑ፣ ግን በጥቂቱ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ትምህርት በር ነው።

መዝገበ ቃላት አታሸክሟት። በቀን አምስት ቃል ትውሰድ፣ ከራሷ የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ። በተለይ የጥያቄ ቃላትን ለዩላት፦ «ኤክሴፕት» (በስተቀር)፣ «ኔግሌክት» (ችላ በሉ)፣ «አት ሊስት» (ቢያንስ)፣ «ሪስፔክቲቭሊ» (እንደ ቅደም ተከተላቸው)። እነዚህን ያልተረዳ ተማሪ እያወቀ ይወድቃል። «ኤክሴፕት» ያለበት ጥያቄ ላይ ቃሉን በእርሳስ መክበብ ልማድ ይሁን።

በየሳምንቱ ስትገናኙ አስር ጥያቄ ጮክ ብላ ታንብብና ሳትሠራው «ምንድን ነው የተጠየቅኩት?» የሚለውን በአፍ መፍቻዋ ትንገራችሁ። አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ደረጃ 6፦ ገንዘብ ካላችሁ እንዲህ አውጡት

ትንሽና ቋሚ ይሁን። በዓመት አንዴ ከሚሰጥ ብዙ ብር በየወሩ የሚመጣ ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ እሱን አስቦ ያቅዳል። የተቻለውን ያህል ገንዘቡን ሳይሆን ነገሩን ስጡ፤ የቤት ኪራይ ለአከራይዋ፣ ፎቶ ኮፒ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ። ጥሬ ብር መስጠት ግድ ከሆነ እናቷ ያውቁ። ወላጅ የማያውቀው ብር ልጅ እጅ ላይ ሲገኝ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

ሦስት ወይም አራት ልጆች አብረው ተከራይተው ካሉ እነሱን እንደ ቡድን ያዟቸው። አንድ መብራት፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ለአራት ይሆናል። ሂሳብ የምትችለው ለእንግሊዝኛዋ ጎበዝ ታስረዳለች። ሲያስረዱ ደግሞ ራሳቸው ይበልጥ ይገባቸዋል።

ውጭ ላላችሁ፦ የምትልኩት ብር ልጅቷን ቁጭ አድርጎ አያስጠናም። ከሠፈሩ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ወጣት አስተማሪ ፈልጉ፣ በወር ትንሽ ክፈሉት፣ ደረጃ 2ንና 4ን እሱ ይሥራ። እናንተ በሳምንት አንድ ቀን በቋሚ ሰዓት ደውሉና ደብተሩን በቪዲዮ እዩ። የእህት ልጅ ስለሆነች ቅጣትና ስጦታ መደባለቅ ይመጣል። «ካላለፍሽ አልልክም» አትበሉ። ፈተናውን ትፈራዋለች እንጂ አታጠናለትም።

ደረጃ 7፦ ሰነድ፣ ከታኅሣሥ በፊት

አሰልቺ ነው፣ ግን የደከማችሁበትን ዓመት ሊበላ ይችላል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷን፣ ትራንስክሪፕቷን፣ የትምህርት ቤት መታወቂያዋንና ፋይዳዋን (ብሔራዊ መታወቂያዋን) ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ፊደል በፊደል አስተያዩ። የትውልድ ቀንና ጾታም እንዲሁ።

አንዴ የአያት ስም ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በልጦ ተገኘ። ያየነው ግንቦት ላይ ነው። ለማስተካከል ሦስት ቀን ከቢሮ ቢሮ ተመላለስን፤ ሦስቱም የጥናት ቀን ነበሩ።

ፋይዳ ከሌላት አሁኑኑ ታውጣ። ለፈተና ስትመዘገብ ቅጹን ራሷ ታንብብ እንጂ «መምህሩ ሞልቶልኛል» አይበቃም። የተማሪነት ዘርፏ፣ ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ በትክክል መሞላቱን ትይ። ጉርድ ፎቶ ስድስት ይኑራት። የሁሉም ሰነድ ፎቶ በእናንተ ስልክ ላይ ይቀመጥ።

ደረጃ 8፦ የልምምድ ፈተና

ከመጋቢት ጀምሮ በሁለት ሳምንት አንዴ ሙሉ ፈተና ትውሰድ። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ጸጥታ፣ ሰዓት። ስልክ የለም፣ መነሳት የለም። የተሰጠውን ደቂቃ ለጥያቄው ብዛት አካፍሉና ለአንድ ጥያቄ ስንት ደቂቃ እንዳላት ትወቅ። ከዚያ በላይ የወሰደባትን ምልክት አድርጋ ትለፍ፣ መጨረሻ ላይ ትመለስበት። ባዶ የተተወ ጥያቄ ዜሮ ነው፤ ሳታጠቁር አትውጣ።

በወረቀት ለሚፈተኑ የመልስ ወረቀት አዘጋጁና ማጥቆርን አለማምዱ። አንድ ጥያቄ ዘሎ መልሱን ከሥሩ ካለው ቁጥር ላይ ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል። በየአስር ጥያቄው ቁጥሩን ማመሳከር ይህን ያድናል።

ከ2016 ጀምሮ ፈተናው ለአንዳንዶች በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውስ ይዛ የማታውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከማውሱ ጋር ስትታገል ታሳልፋለች። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ወይም ኢንተርኔት ቤት ሁለት ሦስት ቀን ውሰዷት። ጥያቄ መምረጥ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ገጽ ማንሸራተት። በቃ።

ደረጃ 9፦ የፈተናው ጉዞ

ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው። ለብዙ ልጆች ከቤት ርቀው ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። ወላጆቿ ይህን ከወር በፊት ይወቁ። ጉዞው ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው የሰማ አባት «አይሆንም» ሊል ይችላል።

ሻንጣዋን አብራችሁ አዘጋጁ። አድሚሽን ካርድና መታወቂያ፣ እርሳስ ከነላጲሱና መቅረጫው፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው፣ ትንሽ ደረቅ ስንቅ፣ ዝርዝር ብር። ስልክ ቤት ይቀራል፤ ወደ ፈተናው ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። የእናንተንና የአባቷን ስልክ ቁጥር በቃሏ ታጥና።

ማስጠንቀቂያ፦ በፈተና ሰሞን ቴሌግራም ላይ «የወጣ ፈተና አለ» እያሉ ብር የሚቀበሉ ይበዛሉ። አስቀድማችሁ አውሯት። ብሩን ይበላሉ፣ የሚልኩት የሐሰት መልስ ደግሞ የምታውቀውን ያስጠፋባታል። በኩረጃ ከተያዘችም ውጤቷ ይሰረዛል።

ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት አዲስ ነገር አታስተምሩ። የስህተት ደብተሯን ታገላብጥ፣ ትተኛ።

ደረጃ 10፦ ውጤት የወጣ ቀን

ያን ዕለት እናንተ ደውሉ፣ እሷ እስክትደውል አትጠብቁ። ያላለፈ ልጅ አይደውልም።

50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣች ቀጣዩ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው። ዝርዝሩን አብራችሁ ሙሉ። ርቀቱን፣ የአካባቢውን ጸጥታና የትራንስፖርቱን ዋጋ አስቡ። ጓደኛዋ ስለሞላችው ብቻ አትሙላ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ ምግብና ማደሪያ በወጪ መጋራት ነው። ውል ትፈርማለች፣ የሚከፈለው ከተመረቀች በኋላ ከደመወዝ ነው። ይህን ለወላጆቿ አስረዱ፤ «ከየት አምጥተን እንከፍላለን» ብለው ልጅ የሚያስቀሩ አሉ።

ከ50 በታች ከሆነ፣ የዓመቱን የረሜዲያል መቁረጫ ነጥብ ተከታተሉ። ረሜዲያል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለወራት ተምሮ እንደገና የሚፈተኑበት ዕድል ነው፣ የወደቀ ሰው ቅጣት አይደለም። እዚያም ካልደረሰች በግል ተፈታኝነት መድገም ወይም ቴክኒክና ሙያ መግባት አለ። ያን ዕለት ግን አትወስኑ። ሳምንት ይለፍ። ከዚያ ውጤቷን በየትምህርቱ ዘርዝራችሁ እንደ ደረጃ 2 መርምሩት። ሁለት ትምህርት ብቻ ጎትቷት ከሆነ መድገም ያዋጣል። ሁሉም እኩል ዝቅ ካለ ደግሞ ስለ ቴክኒክና ሙያ በግልጽ ተነጋገሩ።

ደረጃ 11፦ እስከ መጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ድረስ አትልቀቁ

ብዙ ሰው ልጅቷን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሆና የምትሰናከለው ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ነው። ከትምህርት ቤቷ አንደኛ የነበረች ልጅ የመጀመሪያውን ኩዊዝ ከ10 ሦስት ስታመጣ ሻንጣዋን ልታነሳ ትችላለች።

ስትሄድ ለሎከር የሚሆን ቁልፍ፣ ጃኬትና የሁለት ወር ኪስ ገንዘብ ይኑራት። እዚያው ግቢ ከአገሯ ልጆች አንዲት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ አስቀድማችሁ ፈልጉላት። ላይብረሪው የት እንደሆነ፣ የቱ አስተማሪ ሃንድአውት እንደሚሰጥ የምትነግራት እሷ ናት።

በሳምንት አንዴ መደወላችሁን ቀጥሉ፣ በዚያው በለመደችው ሰዓት። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካፌ ትበያለሽ ወይ፣ ዶርም ውስጥ ከማን ጋር ታወሪያለሽ፣ በዚህ ሳምንት ምን ከበደሽ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአጭሩ ከመለሰች ሦስተኛውን ትታችሁ እነሱ ላይ ቆዩ።